መጋዘን በካሬ ብቻ አይመረጥም፦ በጎጃም ለመስታወትና ለጽዳት ዕቃ አከፋፋዮች የንጽጽር መመሪያ

የመስታወት ማጽጃ ዕቃ የሚያከፋፍል ነጋዴ ቦታ ሲጠበው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካሬው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ደላላው በካሬ ይመልሳል፣ አከራዩም ዋጋውን በካሬ ይቆርጣል። ይህ መለኪያ በቆሎ ለሚያከማች ሰው ብዙም አያሳስትም፤ ጆንያ በጆንያ ላይ ይደረደራል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የእኛ ዕቃ ግን ጠባዩ ልዩ ልዩ ነው። ፈሳሹ ከባድ ነው። የማይክሮፋይበር ጨርቁ ቀላል ቢሆንም ቦታ ይፈጃል። ዘንጉና መሰላሉ ረጅም ነው። በረኪናና አሲድ ደግሞ በአንድ መደርደሪያ ላይ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም።

ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በሌላ ጥያቄ ነው፦ አንድ ካርቶን ከጭነት መኪና ወርዶ፣ ሳይበላሽ ተቀምጦ፣ በታዘዘበት ቀን ደንበኛው እጅ እስኪገባ ድረስ ጠቅላላ ምን ያስወጣል? ኪራይ የዚህ ሒሳብ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ ፈስሶ የቀረው፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ተፈልጎ እስኪገኝ የባከነው ሰዓት ሁሉ ይገባበታል።

ባሉበት ሆኖ ክፍል መጨመር

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከዚህ ነው። ገበያ አካባቢ ያለውን ሱቅ ይዘን ከጀርባው አንድ ክፍል፣ ከዚያ ሁለት ቤት አልፎ ሌላ ክፍል እንከራያለን። ደንበኛ መንገዱን አይስትም፣ ውሉም ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ አይሱዙ በላይ ጭነት ለማያስገባ ነጋዴ ይህ አሁንም ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ስለሰፋ ብቻ መስፋት አያስፈልግም።

መልቀቅ እንዳለባችሁ የሚታወቀው ዕቃው በየክፍሉ ሲበተን ነው። አንድ ሆቴል ደውሎ 35 ሴንቲ ሜትር የመስታወት መጥረጊያ ሲጠይቅ «አልቋል» ትላላችሁ፤ ሰንበትበት ብሎ ዕቃው በሌላኛው ክፍል ከካርቶን ሥር ይገኛል። ሽያጩ ቀርቷል፣ እጃችሁ ላይ ያለውን ዕቃም መልሳችሁ ገዝታችኋል። ይህ መደጋገም ሲጀምር የሁሉንም ክፍሎች ኪራይ ደምሩና ከአንድ መጋዘን ኪራይ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከሚገመተው ያነሰ ነው።

የእህል መጋዘን መከራየት

ጎጃም የእህል አገር ስለሆነ በቀላሉ የሚገኘው ሰፊ ቤት የእህል መጋዘን ነው። ከመራዊ እስከ ዳንግላ፣ ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ በየከተማው አለ። ግድግዳው ብሎኬት፣ በሩ መኪና የሚያስገባ፣ ኪራዩም ከአዲሱ ግንባታ የረከሰ ነው። ይህን አማራጭ ከመቀበላችሁ በፊት ግን ረጋ ብላችሁ አስቡበት፤ ለእኛ ዕቃ የሚያመጣው ጣጣ ከውጭ ሲታይ አይገኝም።

አንደኛው ወቅቱ ነው። ቤቱ ባዶ ሆኖ የምታገኙት እህሉ ተሽጦ ባለቀበት በክረምት ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ሲወቃ፣ ከኅዳር ወዲህ፣ ያው መጋዘን ተፈላጊ ይሆናል። ውሉ አጭር ከሆነ አከራዩ በዚያን ሰዓት ኪራይ ሊጨምር ወይም «ልቀቁልኝ» ሊል ይችላል። ቢያንስ ሁለት አዝመራ የሚያሻግር ውል ካልተገኘ ባትገቡበት ይሻላል።

አይጥ ደግሞ ሌላው ነው። እህሉ ቢወጣም አይጡ አይወጣም። ካርቶን ይበሳል፣ የጨርቅ ጥቅል ቀድዶ ጎጆ ይሠራበታል። ብናኙንም አትናቁት። የመስታወት ጨርቅ ላይ የተቀመጠ አሸዋ ወይም የሲሚንቶ ቅንጣት መስታወት ይጭራል፤ ደንበኛው የሚወቅሰው ደግሞ ጨርቁን የሸጠለትን ሰው ነው። ወለሉ የሚቦንን መጋዘን ለእህል ይበቃ ይሆናል፣ ለእኛ ግን ሳይለሰንና ሳይታጠብ አይሆንም።

ከሁሉም አጥብቄ የማሳስበው የነቀዝ ኪኒንን ነው። እህል ለማከም የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒን እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ሰው ይገድላል። በተሰነጠቀ ግድግዳና ክፍት በሆነ የጣሪያ ሥር ወደ ጎረቤት ክፍል ይሻገራል። መዳብና ነሐስንም ይበላል፤ የነሐስ መያዣ ያላቸው የመስታወት መጥረጊያዎች ይጠቁራሉ፣ የኮምፒውተርና የቆጣሪ ሽቦም ይጎዳል። ስለዚህ ሙሉውን ቤት ብትከራዩ እንኳ በግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት እህል የሚያስቀምጥና ኪኒን የሚጠቀም ከሆነ ያንን ቤት ተዉት። በዋጋ የሚካካስ ነገር አይደለም።

አዲስ የብረት መጋዘን በከተማው ዳር

በካሬ ውድ የሚመስለው ይህ ነው። ነገር ግን ቁመቱን ወደ ሒሳቡ አስገቡት።

አንድ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ዝቅተኛ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መድረክ) 1 ሜትር በ1.20 ነው፤ ማለትም 1.2 ካሬ ይይዛል። መተላለፊያው ሲቀነስ ከወለሉ 40 በመቶ የሚሆነው ለዕቃ ይተርፋል እንበል። ጣሪያው ዝቅ ያለ 300 ካሬ ቤት ውስጥ 120 ካሬ ይተርፋል፤ ይህም 100 ፓሌት ወለል ላይ ነው። ቁመቱ 6 ሜትር የሆነ 180 ካሬ መጋዘን ውስጥ ደግሞ 72 ካሬ ይተርፋል፤ 60 ፓሌት ማለት ነው። መደርደሪያው አራት ደረጃ ሲኖረው ግን 240 ፓሌት ይሆናል። በ40 በመቶ ያነሰ ወለል ከእጥፍ በላይ ዕቃ ገባ ማለት ነው። ያለ መደርደሪያ ግን ይህ ቁመት ባዶ አየር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሁለትና ሦስት ረድፍ በላይ ሲደራረብ የታችኛው ይጨመቃል፣ ክዳኑ ያንጠባጥባል። ስለዚህ የመደርደሪያ ገንዘብ ካልያዛችሁ ለረጅም ጣሪያ አትክፈሉ።

መደርደሪያው የሚያመጣው ሌላ ጥያቄ ወለሉ ነው፤ በጎጃም ደግሞ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አንድ ፓሌት ላይ በአንድ ረድፍ 16 ጀሪካን ይቆማል፤ ሁለት ረድፍ 32 ነው፤ ክብደቱ ከ640 ኪሎ ያልፋል። በየደረጃው ሁለት ፓሌት የሚይዝ መደርደሪያ ከወለል በላይ ሦስት ደረጃ ካለው ወደ 4 ቶን የሚጠጋ ክብደት በአራት የብረት እግር ብቻ ወለሉን ይጫናል። ብዙ አዳዲስ መጋዘኖች የሚቆሙት ደግሞ በዋልካ አፈር ላይ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አፈሩ ሳይወጣና ሳይተካ፣ በላዩ ስስ ኮንክሪት የፈሰሰበት ወለል ሁለት ክረምት ሳያልፍ ይሰነጠቃል፤ መደርደሪያው ያዘነብላል። ባለቤቱን ወለሉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተፈሰሰ፣ ብረት ገብቶበት እንደሆነ፣ ከሥሩ ምን እንደተሞላ ጠይቁ። ግንባታውን የሠራውን ሰው ማነጋገር ከተቻለ ደግሞ የበለጠ ነው። መልስ የሌለው ወለል ላይ ከፍ ያለ መደርደሪያ አትትከሉ።

ጣሪያውን የምታዩት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በጎጃም ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነውና በመጋቢት የታየ ቆርቆሮ ምንም አይናገርም። ዝናብ እየጣለ ግቡ፤ የቆርቆሮውን መጋጠሚያ፣ የምስማሩን ቀዳዳ፣ የግድግዳውን ሥር እዩ። ውጭ ያለው ቦይ ውሃውን ወዴት እንደሚወስደውም ተከተሉት። ወለሉ ከግቢው ከፍ ያላለ መጋዘን አንድ ኃይለኛ ዶፍ ሲመጣ የታችኛውን ካርቶን ሁሉ ይጨርሳል።

መኪናው እንዴት እንደሚገባም በዓይን መታየት አለበት። አርባ ጫማ ኮንቴይነር ከ12 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጎታቹ ሲጨመር መታጠፊያው ሰፊ ግቢ ይፈልጋል። ግቢው ካልበቃ ጭነቱ አስፋልት ላይ ወርዶ በሰው ትከሻ ይገባል፤ ያ ወጪ በየጭነቱ ይደጋገማል። የመውረጃ መድረክ ያለው መጋዘን ጥቂት ተጨማሪ ኪራይ ይገባዋል።

ባሕር ዳር ላይ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይ ከከተማው ማዶ ያለውን ወገን በጣም አቅርቦታል። ቀድሞ በድልድዩ መጨናነቅ ምክንያት ይተዉ የነበሩ ቦታዎችን እንደገና ማየት ተገቢ ነው።

ራስ መገንባት

ይህን ባጭሩ አልፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ሕጉ መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ይገኛል፤ ግንባታው በውሉ ጊዜ መጀመርና ማለቅ አለበት። ገንዘባችሁ በብሎኬትና በብረት ሲታሰር ለዕቃ መግዣ የሚተርፈው ያንሳል፤ የአከፋፋይ ጉልበት ደግሞ የሚዞረው ገንዘቡ ነው። ካርታ በእጁ ያለ ሰው ይገንባ። ሌላው ጥቂት ዓመት ተከራይቶ ምን ዓይነት መጋዘን እንደሚያስፈልገው ጠንቅቆ ቢያውቅ ይመረጣል። የባሕር ዳርን ኢንዱስትሪ ፓርክና የቡሬን የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለዚህ የሚያስቡ አሉ፤ ሁለቱም የተሠሩት ለአምራቾች ነው፣ ለሻጭ ዕቃ ማከማቻ አይደለም።

የትኛው ከተማ?

ገበያው ያለው ባሕር ዳር ነው። ሆቴሎቹ፣ መስታወት የለበሱት የባንክ ሕንፃዎች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች እዚያ ናቸው። ከጅቡቲ በወልድያና በደብረ ታቦር በኩል ለሚመጣ ዕቃም የወረታ ደረቅ ወደብ ቅርብ ነው። ጉድለቱ ሙቀቱ ነው። ከተማው በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ከዚያ በጣም ይብሳል። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ይደክማል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመዳከሙ ፍጥነት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። መለያው ላይ የተጻፈው ጥንካሬ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ለሆስፒታል የሚያቀርብ ሰው ይህን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባውም።

ደብረ ማርቆስ ቀዝቃዛ ነው፤ ከፍታው ከ2,400 ሜትር ያልፋል። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የዓባይን በረሃ አልፎ የሚመጣ ጭነት መጀመሪያ የሚያርፍበት ትልቅ ከተማ ነው። ከፍታው ግን የራሱ ጠባይ አለው። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ዝቅተኛ አገር ተሞልቶ የታሸገ ጠርሙስ እዚያ ሲደርስ ይነፋል፣ በመርጫ ክዳኑ በኩልም ያንጠባጥባል። አዲስ አበባ የተሞላውም ቢሆን ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ደጀን ሲወጣ ይጨመቅና ይለቀቃል። የትም ከተማ ብትሆኑ ዕቃ ሲገባ ወዲያው ወደ መደርደሪያ አይውጣ። ካርቶኑ በትክክል ቆሞ አንድ ሌሊት የሚያድርበት፣ የረጠበው ተለይቶ የሚወጣበት የመረከቢያ ቦታ በመጋዘኑ ፕላን ውስጥ ይኑር።

ቡሬ ለሌላ ምክንያት ይታሰባል፤ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚያ ነው። እንጅባራም ወደ ቻግኒና ወደ መተከል ለሚልክ ሰው መገናኛ ነው፤ ዝናቡና ጉሙ ግን ብዙ ነው፣ ካርቶን እርጥበት ይስባል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ አንድ መጋዘን ብቻ የመያዝ አቅም ያለው ነጋዴ ባሕር ዳርን ይያዝ፣ የተረፈውን ገንዘብ ጣሪያው ሥር ለሚገባ የሙቀት መከላከያና ለአየር ማስተላለፊያ ያውጣው። ሁለት ትንንሽ መጋዘን በሁለት ከተማ መያዝ የሚያዋጣው ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ከደንበጫ ወዲያ ወደ ደጀንና ወደ ብቸና ሲሆኑ ነው። መንገድ በሚቋረጥበት ጊዜ ደግሞ ቅርንጫፍ ያለው ሰው ይበረታል፤ ይህን የጎጃም ነጋዴ ሁሉ ስለሚያውቀው አላብራራውም።

ውስጡን ማዘመን፦ በምን ይጀመር?

ሰው «ዘመናዊ» ሲል ፎርክሊፍት ያስባል። ፎርክሊፍት ከ3 ሜትር በላይ የሆነ መተላለፊያ ይወስዳል፣ የሠለጠነ ነጂ ይፈልጋል፣ በባትሪ ከሆነም ለመሙያው አስተማማኝ መብራት ይጠይቃል። በቀን ጥቂት ፓሌት ለሚያንቀሳቅስ መጋዘን በእጅ የሚገፋ የፓሌት ጋሪና ፓሌቱን በእጅ ወይም በትንሽ ባትሪ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያነሳ ስታከር ይበቃል። ፎርክሊፍቱን ኮንቴይነር በየሳምንቱ ሲገባ አስቡበት።

ቅድሚያ የምሰጠው ለአድራሻ ነው። እያንዳንዱ መደርደሪያ ፊደል፣ እያንዳንዱ ደረጃ ቁጥር ይኑረው፤ እያንዳንዱ ዕቃም «ለ3» ወይም «መ1» የሚባል ቤት ይኑረው። ይህ ቀለምና ብሩሽ ብቻ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የዕቃ መዝገቡ በስቶክ ካርድ ቢሆን በኮምፒውተር ቢሆን ይሠራል። አድራሻ የሌለው መጋዘን ላይ የተጫነ ሶፍትዌር ግን ዕቃው እንዳለ ይነግራችኋል እንጂ የት እንዳለ አይነግራችሁም። ከፈሳሾቹ ጊዜያቸው ቀድሞ የሚያልፍባቸው ቀድመው ይውጡ፤ ቀድሞ የገባው ሁልጊዜ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፍበት አይደለም።

የመጥረጊያው ጎማ የራሱ ቦታ ይገባዋል። ጎማ ፀሐይ፣ ሙቀትና ኦዞን ያደርቁታል፤ ኦዞን ደግሞ ከብየዳና ከኤሌክትሪክ ሞተር ብልጭታ ይወጣል። ስለዚህ ከመስኮትና ከሞተር ርቆ፣ ሳይታጠፍ በጠፍጣፋ ይቀመጥ። ጠርዙ አንዴ ከተጎዳ መስታወቱ ላይ መስመር ይተዋል። ዘንጎች ግድግዳ ላይ ተደግፈው አይቁሙ፤ በግድግዳው ርዝመት አግድም ማስቀመጫ ይሠራላቸው።

ኬሚካሉ የሚወስነው ነገር

አንድ መጋዘን ሁሉን አሟልቶ ይህን ካላሟላ አይሆንም። የመስታወት ላይ የውሃ ጠጠር የሚያስለቅቀው አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ሲቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጫፎች ያስፈልጋሉ፤ በመሃላቸው ጨርቅና ዘንግ ቢቀመጥ መልካም ነው። በየጫፉ ወለል ላይ የፈሰሰው ወደ ሌላው እንዳይሄድ የሚያግድ ዝቅተኛ ጠርዝ ይሠራ። በፓሌት ሳይሆን በእጅ በሚደረደርበት ቦታ ከባዱ ጀሪካን ከታች፣ ፈሳሽ ከዓይን ከፍታ በታች ይሁን። አልኮል ያለበት ማጽጃ በቀላሉ ይቀጣጠላልና ከቆጣሪው ሳጥንና ከጄኔሬተሩ ይራቅ።

አየር ማስተላለፊያውን ስታዩ ከላይ ያለውን ብቻ አትዩ። ክሎሪን ከአየር ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ የአልኮል ትነትም ይከብዳል፤ ሁለቱም ወለል ላይ ይተኛሉ። ከግድግዳው ሥር ወንፊት ያለው ክፍት ቦታ የሌለው መጋዘን ካገኛችሁ ባለቤቱ እንዲከፍትላችሁ ውሉ ላይ አስገቡ። የውሃ ቧንቧም ይኑር፤ አሲድ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሠራተኛ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ውሃ በሚቋረጥበት ሰፈር ደግሞ ሮቶ ግዴታ ነው።

ውሉና የመዛወሪያው ጊዜ

ውሉ የጣሪያና የወለል ጥገና የማን እንደሆነ፣ መደርደሪያ ለመትከል ወለሉን መብሳት መፈቀዱን፣ ስትለቁም የተከላችሁትን ነቅላችሁ መውሰድ መቻላችሁን በግልጽ ይናገር። ኬሚካል እንደምታስቀምጡ ለአከራዩ ከመጀመሪያው ንገሩ። አዲሱ አድራሻ በንግድ ጽሕፈት ቤትና በገቢዎች ዘንድ ሳይመዘገብ ዕቃ አይግባ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ መጋዘኑን በክረምት እዩ፣ በበጋ ግቡ። የዓመቱ ትልቅ ሽያጭ ከዘመን መለወጫ በፊት ነው፤ ነሐሴና ጳጉሜን ላይ ሆቴሉም ቤቱም መስታወቱን ያጥባል። ያኔ ዕቃ ማንቀሳቀስ ደንበኛን ማስቀየም ነው። ጥቅምት ዝናቡ አልፎ፣ መንገዱ ደርቆ፣ የገና ትእዛዝ ገና ሳይመጣ ያለው ጊዜ ስለሆነ ከሁሉም ይመቻል። ቀድሞ የሚገባው መደርደሪያው ነው፤ ቀጥሎ የደረጃዎቹ ቁጥር ይጻፍ። ከዚያ ዘንግና መሰላል፣ ከዚያ ጨርቅ ይግባ። ፈሳሹ መጨረሻ ይምጣ፤ በረኪናና አሲድ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ መኪና ይጫኑ። በየቀኑ በብዛት የሚሸጡትን ዕቃዎች ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ያህል አሮጌው ሱቅ ውስጥ ተዉአቸው፤ ቆጠራው በአዲሱ መጋዘን አልቆ ከመዝገቡ ጋር እስኪታረቅ ድረስ ሽያጩ ከዚያው ይቀጥላል።